የደሴት ወፎችን ለመቁጠርና ለመጠበቅ፦ ድሮን፣ ካሜራ ወይስ ባይኖኩላር?

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መደርደሪያ አናት ላይ፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ ድሮን አይቻለሁ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ገንዘቡ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ በጥድፊያ የተገዛ ነው። የማብረሪያ ፈቃዱ ዘገየ፤ ፈቃዱ ሲጠበቅ ደግሞ ሥልጠና የወሰደው ልጅ ሥራ ቀየረ። በዚያ ዓመት ወፎቹን የቆጠራቸው አንድ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ነበር፣ አንዱ ዓይኑ በጠፋ ባይኖኩላር። ሪፖርቱ ላይ የወጣው ቁጥርም የእሱ ነው።

ይህን የምጽፈው «ምን እንግዛ?» ለሚሉ የፓርክ ሠራተኞች፣ የማኅበር ሰዎችና ተመራማሪ ተማሪዎች ነው። የማመሳክረው ከሁሉ በፊት የሻላ ሐይቅ ደሴቶችን ነው፤ በአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያሉት እነዚህ ደሴቶች በአፍሪካ ከታወቁት የነጭ ፔሊካን (ከምንቃሩ ሥር ከረጢት ያለው ትልቅ ዓሣ በል ወፍ) መራቢያዎች አንዱ ናቸው። ፔሊካን የሐይቅም የባሕር ዳርቻም ወፍ ነው፤ ችግሩ ግን ከውቅያኖስ ወፎች ጋር አንድ ነው፦ ዓመቱን ውሃ ላይ የሚውል ወፍ እንቁላሉን ለመጣል መሬት ያስፈልገዋል፤ አውሬ የማይደርስበት መሬት ሲገኝ ደግሞ ሁሉም እዚያው ይታጨቃል። ስለዚህ ከብሪታኒያ እስከ ደቡብ አትላንቲክ ባሉ ደሴቶች የተሞከረው ለእኛም ይሠራል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መመዘኛው

የዕቃ ካታሎግ ከመክፈታችሁ በፊት አምስት ነገር ወስኑ።

የመጀመሪያውና ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ረብሻ ነው። ነጭ ፔሊካን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ ከአንድ ወር ለሚበልጥ ወይም ለዚያ ለተቃረበ ጊዜ ይታቀፋል። ጫጩቱ ሲፈለፈል ላባ የለውም፤ ራቁቱን፣ ሮዝ ሥጋ መስሎ ነው የሚወጣው። ሰው ደሴቱ ላይ ሲወጣ እናትና አባት በጅምላ ይነሳሉ። ያኔ በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ የጋለ ድንጋይ ላይ የቀረ እንቁላል ብዙ ደቂቃ አይቆይም፤ ራቁት ጫጩትም እንደዚያው። ፀሐዩ ባይደርስባቸው አባ ኮዳ ይደርስባቸዋል። ፔሊካን ደጋግሞ ከተረበሸ ደግሞ ሰፈሩን እንዳለ ጥሎ የሚሄድ ወፍ ነው። ልቆጥር ብሎ የሚቆጥረውን ማጥፋት ይሏል ይኼ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ነው። «ስንት ጎጆ አለ?» እና «ከስንቱ ጎጆ ጫጩት በረረ?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚጠይቁት መሣሪያም ይለያያል። ብዙ ሪፖርት ላይ የማየው «2 ሺህ ፔሊካን ታየ» የሚለው አነጋገር ለመራቢያ ሰፈር ዋጋው ትንሽ ነው፤ ቆሞ ላባውን የሚያጸዳውም፣ ለማረፍ የመጣውም አብሮ ተቆጥሯልና። የሚቆጠረው ወፍ የተቀመጠበት ጎጆ ነው።

ሦስተኛ፣ ይኸው አሠራር በሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው ሳምንት፣ በሌላ ሰው እጅ ሊደገም ይችላል ወይ? አራተኛ፣ ከመግዣው ዋጋ ይልቅ የየዓመቱ ወጪ፦ ባትሪ፣ ነዳጅ፣ አበል፣ ፎቶ የሚቆጥር ሰው። አምስተኛ ፈቃድ። እኛ አገር ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ አይገባም፣ አይበርም፤ ፓርክ ውስጥ ሲሆን የፓርኩም ፈቃድ ይጨመርበታል።

የመቁጠሪያ ዘዴዎች

*ባይኖኩላርና ቴሌስኮፕ ከዳርቻ።* እንደዚህ የሚናቅ፣ እንደዚህም የሚጠቅም ዘዴ የለም። ደሴቱን አትረግጡም፣ ፈቃዱ ቀላል ነው፣ ዛሬ የሠለጠነ ስካውት ነገ ሌላውን ያሠለጥናል። ሰዓቱን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ፔሊካን ከባድ ነው፤ ትልቁ ወንድ ከ10 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሩቅ ለመሄድ መሬት ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪነሳ ይጠብቃል፤ ከዚያ እየተሽከረከረ ይወጣና ወደ ምግቡ ይሄዳል። ስለዚህ ቆጠራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ወፎቹ መነሳት ይጀምራሉ፤ ሙቀቱም በርትቶ በቴሌስኮፑ የምታዩት ምስል እንደ ፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል።

ዝዋይ ዳርቻ ላይ አንድ ጊዜ ሦስት ሆነን አንድን መንጋ ቆጠርን፤ ሦስት የማይቀራረብ ቁጥር ይዘን ተፋጠጥን። ሁላችንም ልምድ ነበረን። ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ሰፈሩን በድንጋይና በቁጥቋጦ ምልክት እከፋፍለዋለሁ፤ ሁለት ሰው ሳይነጋገር እያንዳንዱን ክፍል ይቆጥራል፤ ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካለፈ ያ ክፍል እንደገና ይቆጠራል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ቁጥር ይጻፋል፣ አማካዩ ብቻ አይደለም። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ ከደሴቱ ጀርባ ያለው አይታይም፤ ቦታው ዝቅ ያለ ከሆነም የፊተኛው ወፍ የኋለኛውን ይሸፍናል።

*በጀልባ መዞር።* ጀርባውን ያሳያል። ነገር ግን ሻላ ዓሣ የሚሰገርበት ሐይቅ ባለመሆኑ ጀልባ እንደ ዝዋይ በየዳርቻው አይገኝም፤ ሐይቁ ደግሞ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው፣ ንፋስ ሲነሳበት የማይቀለድበት ነው። የመዋኛ ጃኬት ሳይኖር አልመክርም። ደሴቱንም ተጠግቶ መዞር አንድ ሰው ከመውጣቱ እኩል ሊያስነሳቸው ይችላል። ወፎቹ አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ እናንተ ካዩ ቀርባችኋል፤ አንዱ ከጎጆው ከተነሳ ደግሞ አልፋችኋል።

*ቋሚ ካሜራ።* «ከስንቱ ጎጆ ጫጩት በረረ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የሚሻል የለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ካሜራውን እንቅስቃሴ ሲያይ ፎቶ እንዲያነሳ አድርገው መትከላቸው ነው። ነብር በሚያልፍበት ጫካ ይህ ይሠራል፤ ሺህ ወፍ ቀኑን ሙሉ በሚያራግፍበት ደሴት ግን ካርዱ ሞልቶ፣ ባትሪው አልቆ በጥቂት ቀን ይሞታል። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ፎቶ እንዲያነሳ አስተካክሉት። በቀን ብርሃን 12 ሰዓት 24 ፎቶ ነው፤ በአምስት ወር 3 ሺህ 600 ገደማ። ይህን አንድ ሰው በጥቂት ሳምንት ተቀምጦ ያያል።

ካሜራው የሚተከለው ወፎቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው፤ የሚነሳው ከሄዱ በኋላ። በመሀል «ባትሪ ልቀይር» ብሎ መውጣት የለም፤ ስለዚህ ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ትከሉ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲቀር። ሌንሱን ትንሽ ወደታች አዘንብሉት፤ ያለዚያ በመጀመሪያው ወር ኩስ ያለብሱታል። ይህን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት፦ አንድ ወቅት ሙሉ የሰበሰብኩት ፎቶ በነጭ ጭጋግ ውስጥ የተነሳ ይመስል ነበር።

*ድሮን።* እውነቱን እንናገር፦ ጎጆ በመቁጠር ድሮን ሰውን ይበልጣል። አውስትራሊያ ውስጥ አዴላይድ አጠገብ ተመራማሪዎች ሺዎች የፕላስቲክ ወፎችን የባሕር ዳርቻ ላይ ደርድረው፣ ትክክለኛውን ቁጥር እያወቁ፣ መሬት ላይ የቆሙ ቆጣሪዎችን ከድሮን ጋር አወዳደሩ፤ ድሮኑ በሰፊ ልዩነት በለጠ። ስኮትላንድ ውስጥ ባስ ሮክ በተባለችው ደሴት ደግሞ የወፍ ጉንፋን በ2022 ካለፈ በኋላ፣ በ2023 በድሮን ተነስቶ ሲቆጠር በ2014 ከ75 ሺህ በላይ ጎጆ የነበረው የጋኔት (ትልቅ የባሕር ወፍ) ሰፈር ወደ 52 ሺህ ገደማ ወርዶ ተገኘ። ገደላማ ድንጋይ ነው፤ በእግር ዞሮ እንዲህ አጥርቶ መቁጠር አይታሰብም።

ሌላው ገጽታ ይኸውና። በግንቦት 2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቦልሳ ቺካ በተባለ ጥብቅ ስፍራ አንድ ድሮን የተርን ወፎች በሚታቀፉበት ደሴት ላይ ወደቀ። ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ወፎች ተነስተው ሄዱ፤ ከ1 ሺህ 500 በላይ እንቁላል አሸዋው ላይ ቀረ። የተመራማሪ ድሮን አልነበረም፤ ወፎቹ ግን የማን እንደሆነ አይጠይቁም። በአንድ ጎጆ ሁለት እንቁላል ብቻ የሚጥል ወፍ ላይ ይህን ዕድል መሞከር ያለበት ሠልጥኖ የተፈቀደለት ሰው ነው። መነሻው ከሰፈሩ ቢያንስ 100 ሜትር ርቆ ይሁን፤ ከፍታው ከላይ ተጀምሮ ወፎቹ እየታዩ ቀስ ተብሎ ይወሰን፤ ከራሳቸው በላይ ቀጥ ብሎ አይውረድባቸው፣ ያንን እንደ ንስር ነው የሚያዩት። ንስር ወይም ጭልፊት አየር ላይ ካለ ድሮኑ ካርቶኑ ውስጥ ይቆይ።

*ሳተላይት።* ነጻ ነው፣ ወፍ አይረብሽም፣ ፈቃድ አይጠይቅም። በየአምስት ቀኑ የሚመለሰው የአውሮፓ ሳተላይት፣ ሴንቲኔል 2፣ አንድ ነጥቡ 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ወፍ አያሳይም፣ በኩስ የነጣ መሬት ግን ያሳያል። አንታርክቲካ አጠገብ በዴንጀር ደሴቶች ላይ ማንም ያላወቀው ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጥ አዴሊ ፔንግዊን መኖሩ የታወቀው በሳተላይት ፎቶ ላይ የኩስ ቀለም ከታየ በኋላ ነው፤ ውጤቱ በ2018 ታተመ። ለሻላ ግን ዋናው ጥቅሙ ሌላ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

*ድምፅ መቅጃ።* ለፔሊካን እርሱት፤ ይህ ሌሊት ለሚመጡና ጉድጓድ ውስጥ ለሚራቡ ወፎች ነው። ዌልስ ውስጥ ስኮመር ደሴት ላይ 350 ሺህ ጥንድ ገደማ ማንክስ ሺርወተር የተባሉ የባሕር ወፎች ይራባሉ፤ ቀን አንዱም አይታይም። ቆጣሪዎቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ የወፉን ድምፅ ያሰሙና መልስ ይጠብቃሉ። ሁሉም ስለማይመልስ ስንት ከመቶ እንደሚመልስ ለይቶ በማወቅ ቁጥሩን ማረም ግድ ነው። በቀይ ባሕር ወይም በሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ግን ርካሹ መቅጃ ብዙ ያግዛችኋል።

የእግር ቀለበትና ጂፒኤስ ለየት ያለ ጥያቄ ይመልሳሉ፦ ወፉ የት ይመገባል፣ ስንት ዓመት ይኖራል። «ዊዝደም» የተባለችው አልባትሮስ (ትልቅ የውቅያኖስ ወፍ) በ1956 በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው ሚድዌይ ላይ ቀለበት ባይደረግላት ኖሮ ከ70 ዓመት በላይ ሆና እንቁላል እንደጣለች ማን ያውቅ ነበር? ወፍ መያዝ ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ ለቆጠራ ብላችሁ አትጀምሩት።

| ዘዴ | የሚመልሰው ጥያቄ | ረብሻ | መነሻ ወጪ | የየዓመቱ ወጪ | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| ባይኖኩላርና ቴሌስኮፕ | ስንት ጎጆ (በሚታየው በኩል) | የለም ማለት ይቻላል | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | የደሴቱ ጀርባ አይታይም |
| ጀልባ | ስንት ጎጆ፣ ዙሪያውን | መካከለኛ | መካከለኛ | ከፍ ያለ | ንፋስ፣ ነዳጅ፣ መጠጋት |
| ቋሚ ካሜራ | ስንት ጫጩት በረረ፣ ማን በላ | በወቅቱ ከተተከለ የለም | መካከለኛ | ዝቅተኛ | ጥቂት ጎጆ ብቻ ያያል |
| ድሮን | ስንት ጎጆ፣ ጠቅላላ | ከዝቅተኛ እስከ አደገኛ | ከፍተኛ | ከፍተኛ | ፈቃድ፣ ሠልጣኝ፣ መውደቅ |
| ሳተላይት | ሰፈሩ አለ ወይ፣ ውሃው ስንት ነው | የለም | የለም | የባለሙያ ጊዜ | ወፍ አይቆጥርም |
| ድምፅ መቅጃ | የጉድጓድና የሌሊት ወፍ አለ ወይ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ | ለፔሊካን አይሆንም |

መጠበቂያውስ?

እዚህ ላይ ምርጫው ከዕቃ ይልቅ የሥራ ነው።

*አይጥ እንዳይገባ መከላከልና የገባውን ማጥፋት።* በዓለም ደሴቶች የባሕር ወፍን በብዛት ከጨረሱት አንዱ አይጠ መጎጥ ነው፤ የገባው በጀልባ ነው። ማጥፋት ይቻላል፣ ውጤቱም ያስደንቃል፦ እንግሊዝ ውስጥ ለንዲ ደሴት ላይ በ2001 ከ300 የማይበልጥ ጥንድ ሺርወተር ነበር፤ አይጡ ከጠፋ በኋላ በ2023 ከ12 ሺህ በላይ ጥንድ ተቆጠረ። ዋጋው ግን ይታያችሁ። በደቡብ አትላንቲክ ያለችው ደቡብ ጆርጂያ ደሴት በ2018 ከአይጥ ነጻ ስትባል 10 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቶባታል። እዚያው ደቡብ አትላንቲክ ውስጥ ባለችው ጎፍ ደሴት ላይ ደግሞ ትንሿ አይጥ የአልባትሮስ ጫጩት በቁሙ ስለምትበላ በ2021 በሄሊኮፕተር መርዝ ተረጨ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ አንዲት አይጥ ካሜራ ላይ ታየች። ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላም አይጧን ጨርሶ ማጥፋት አልተቻለም። የአውስትራሊያ በሆነችው ማኳሪ ደሴት ላይ ድመት ሲጠፋ ጥንቸል ተባዝቶ ሣሩን አራቆተው፤ አንዱን አውሬ ብቻ ነጥሎ ማጥፋት እንዲህም ያመጣል።

ማጥፋት የሚሊዮኖች ሥራ ነው፤ መከላከል የአንድ ባልዲ። ወደ ደሴት የሚሄድ ማንኛውም ጀልባ፣ ከረጢት፣ ድንኳን፣ የጫማ ጭቃ ሳይቀር ከመነሳቱ በፊት ይፈተሽ፤ ስንቅ ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ይሂድ። ደሴታችሁ አይጥ ከሌለበት በጀታችሁን ለዚህ አውሉት።

*ክልከላና ስካውት።* በመራቢያ ወቅት ማንም እንዳይጠጋ ማድረግ በዓለም ዙሪያ የተፈተነ ነው። ዩታ ውስጥ፣ በታላቁ ጨው ሐይቅ ላይ፣ ጋኒሰን ደሴት አለች፤ ታሪኳ የሻላ መንታ ነው። ሐይቁ ዓሣ የለውም፤ ፔሊካኖቹ እዚያ የሚራቡት አዳኝ ስለማይደርስባቸው ነው፣ ለምግብ ሩቅ ይበርራሉ። ሰው እንዳይወጣባት በሕግ ተከልክሏል። ሆኖም ሐይቁ በድርቅና በመስኖ እየሸሸ ሲሄድ ደሴቲቱ ከየብስ ጋር ተያያዘች፤ ኮዮቲ የተባለው ቀበሮ መሰል አውሬ በእግሩ ገባ፤ በ2023 ፔሊካኖቹ ሰፈሩን ጥለው ሄዱ። ክልከላው ሰውን አስቁሞ ነበር፤ ውሃውን ማስቆም ግን አልቻለም።

*በሽታ።* በጥር 2021 ሴኔጋል ውስጥ በጁጅ ፓርክ 750 ነጭ ፔሊካን በወፍ ጉንፋን ሞቶ ተገኘ። ይህ የእኛው ወፍ ነው። የሞቱ ወፎች ካያችሁ በእጅ አትንኩ፣ ጫማ ሳታጸዱ ሌላ ሐይቅ አትሂዱ፣ በአካባቢው ላለ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ወዲያው አስታውቁ። በየወሩ ከዳርቻ የሚቆጥር ስካውት ካለ ሬሳውን ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው፤ ካርቶን ውስጥ ያለ ድሮን አያይም።

*የምግብ ውሃ።* የሻላ ፔሊካን ለዘመናት የተመገበው አጠገቡ ካለው አብያታ ነበር። አብያታ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ወደ እሱ የሚገባው ወንዝ ለመስኖ ሲጠለፍና ውሃው ሶዳ አሽ የተባለውን ኬሚካል ለማምረት ሲወጣ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ። ወፎቹ ጫጩት የሚያበሉት ዓሣ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች መብረር ግድ ሆነባቸው። ሳተላይት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ የአሜሪካው ሳተላይት የላንድሳት ፎቶ ከ1972 ጀምሮ ስላለ፣ የአብያታን ስፋት በየዓመቱ ለክቶ ከጎጆ ቁጥር አጠገብ ማስቀመጥ ይቻላል። የደሴቱን ድንጋይ በስካውት ብታጥሩት እንኳ ዓሣው ከሌለ ጫጩቱ አይበርርም።

ለማን የቱ?

*ገንዘብ የለንም ለምትሉ፦* አንድ ቴሌስኮፕ፣ ሁለት ባይኖኩላር፣ የታተመ ቅጽ፣ ለሁለት ስካውት አበል። በየሁለት ሳምንቱ፣ ከአንድ ቋሚ ቦታ። የቆማችሁበትን ድንጋይ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ሰው ቢቀየርም ቦታው እንዳይቀየር። የሳተላይቱን ነጻ ፎቶ አንድ ተማሪ ለመመረቂያው እንዲሠራው ስጡት።

*መካከለኛ በጀት ላላችሁ፦* ከላይ ባለው ላይ አራት ካሜራ ጨምሩ፣ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ። የፎቶ ቆጣሪውን ደመወዝ ከካሜራው ዋጋ ጋር አብራችሁ በጀት አድርጉ፤ ይህ ካልተደረገ ካርዶቹ መሳቢያ ውስጥ ያረጃሉ። ጀልባ ካስፈለገ ተከራዩ እንጂ አትግዙ።

*ትልቅ ፕሮጀክት ለያዛችሁ፦* ድሮን በዚህ ደረጃ ትርጉም አለው፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሠለጠነ ሰው፣ ፈቃዱ ከግዢው በፊት በእጅ ገብቶ። የዳርቻውን ቆጠራ ግን አታቋርጡ። ቢያንስ ሦስት ዓመት ሁለቱን በአንድ ቀን አስኪዱ፤ ያለዚያ ቁጥሩ ከፍ ሲል ወፉ ጨመረ ወይስ መሣሪያው ተቀየረ፣ ለመለየት አትችሉም።

*የሩቅ ባሕር ደሴት ላይ ለምትሠሩ፦* ባልዲው ይቅደም፣ ከዚያ መቅጃው፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ።

ቅጹን ስታሳትሙ አንድ ረድፍ አትርሱ፦ «ዛሬ ወፎቹ በእኛ ምክንያት ተነስተዋል? አዎ / የለም። ስንት ደቂቃ?» የማውቃቸው ቅጾች አብዛኞቹ ይህ ረድፍ የላቸውም። መጀመሪያ ሳስገባው ስካውቶቹ እንደ መቀጫ ቆጥረውት ሁልጊዜ «የለም» ይሉ ነበር፤ «አዎ» ብሎ የሚጽፍ እንደማይጠየቅ ከተነገራቸው በኋላ ነው ደቂቃው መሞላት የጀመረው።